ለጭንጫና ለዳገት የተሠሩ መኪናዎችን ወደ ኤሌክትሪክ ኃይል ስለ መለወጥ

ሰው የሠራው ዕቃ ሁሉ ክፍሉ በአንድ ጊዜ እኩል አያረጅም። ቤት ሲያረጅ ክዳኑ ቀድሞ ያፈስሳል እንጂ መሠረቱ ከክዳኑ ጋር አይፈርስም፤ ሞፈር ቢሰበርም ማረሻው ለሌላ ሞፈር ይሆናል። አስተዋይ ባለቤት ክዳኑ አፈሰሰ ብሎ ቤቱን አያፈርስም፤ ሞፈሩ ተሰበረ ብሎም ማረሻውን አይጥልም። ዛሬ በዚህ ገጽ ልንናገርበት ያሰብነው ነገር ከዚሁ አስተያየት የሚነሣ ነው። መንገድ በሌለበት ስፍራ፥ በጭንጫ፥ በአሸዋና በዳገት እንዲሄዱ ታስበው የተሠሩ ጠንካራ መኪናዎች ሞተራቸው ሲያልቅ አካላቸው ገና ጽኑ ሆኖ ይገኛል። እንግዲህ የናፍጣውን ሞተር አውጥቶ በስፍራው የኤሌክትሪክ ሞተርና ባትሪ ማግባት ይቻላልን? ቢቻልስ ይጠቅማልን? የሚለው ጥያቄ ነው።

ይህ ጥያቄ ለባዕድ አገር ሰዎች ብቻ የሚተው አይደለም። በጥር ወር 2016 ዓ.ም. በናፍጣና በቤንዚን የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገራችን እንዳይገቡ መከልከሉ በመንግሥት በኩል ተነገረ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ 5,150 ሜጋዋት ኃይል እንዲያመነጭ የታቀደው ታላቁ የኅዳሴ ግድብ ተመረቀ። ከነዚህ ሁለት ነገሮች አንደኛው የአሮጌውን መኪና ዕድሜ ማስረዘም እንዲያስፈልግ ሲያደርግ፥ ሁለተኛው ደግሞ አሮጌውን መኪና በምን ኃይል ማስኬድ እንደሚቻል ያመለክታል። ናፍጣ ከባሕር ማዶ በውጭ አገር ገንዘብ ተገዝቶ ይመጣል፤ የኤሌክትሪኩ ኃይል ግን እጅግ የሚበልጠው ክፍል ከገዛ ወንዞቻችን የሚገኝ ነው። በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል እንደ ተባለው እንዳይሆንብን፥ ነገሩን ከሥሩ መርምሮ መረዳት የሚገባ ነው።

አስቀድሞ ስለ መኪናዎቹ ጠባይ ጥቂት እንናገር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፥ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1948፥ ላንድሮቨር የተባለው የእንግሊዝ መኪና በአምስተርዳም ትርኢት ለዓለም ታየ። በ1951 ደግሞ የጃፓኑ ቶዮታ ኩባንያ ቢጄ የተባለውን መኪና ሠርቶ፥ የፉጂን ተራራ እስከ ስድስተኛው ማረፊያ ድረስ አወጣው። ይህ መኪና ላንድክሩዘር የሚለውን ስም ያገኘው በ1954 ነው። ሰባዎቹ ተብለው የሚጠሩት ላንድክሩዘሮች በ1984 ወጥተው፥ መልካቸው እጅግ ሳይለወጥ እስከ ዛሬ ይሠራሉ። ሰፊ ዕውቅና ካገኙት ሞተሮቻቸው አንዱ ስድስት ሲሊንደርና 4.2 ሊትር መጠን ያለው የናፍጣ ሞተር ነው።

እነዚህ መኪናዎች ከከተማ አውቶሞቢል የሚለዩበት ዋናው ነገር የአካላቸው አሠራር ነው። የከተማው አውቶሞቢል ቆርቆሮውና አጽሙ አንድ ሆኖ የተበየደ ሲሆን፥ የጭንጫው መኪና ግን ሻንሲ የሚባለው ወፍራም የብረት አጽም ከታች ለብቻው አለው፤ ቤቱ በላዩ ላይ ተቀምጦ በብሎን የታሰረ ነው። ባሌስትራው ሲሰበር ይለወጣል፤ ካምቢዮው ተፈትቶ ይታደሳል፤ አራቱም እግሮች ኃይል የሚያገኙበት መዘውር ለብቻው ይወጣል፤ ይገባል። ስለዚህም ነው ሐኪሙንና ክትባቱን፥ መንገድ ቀያሹንና መሐንዲሱን፥ የምርጫውን ሣጥንና የዘሩን ከረጢት መንገድ ወዳልደረሰበት ወረዳ ሲያደርሱ የኖሩት። ሞተራቸው ተፈትቶ ሊወጣ እንዲችል ሆኖ መሠራቱም ዛሬ ለምንናገርበት ለውጥ ዋናውን በር ይከፍታል።

የኤሌክትሪክ ሠረገላ አዲስ ፈጠራ የሚመስለው ሰው ቢኖር ይሳሳታል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1899 ካሚል ዤናትዚ የተባለው የቤልጅግ ተወላጅ በሰዓት ከ100 ኪሎሜትር በላይ በመሄድ በምድር ላይ የመጀመሪያው ሰው ሲሆን፥ የነዳው ሠረገላ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ነበር። የመጀመሪያው አውቶሞቢል በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን፥ በ1900 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ሲደርስ፥ በአውሮፓና በአሜሪካ ከተሞች የኤሌክትሪክ መኪናዎች ይመላለሱ ነበር። ኋላ ግን ቤንዚን እየረከሰ ስለ ሄደና የዘመኑ ባትሪ ከእርሳስ የተሠራ፥ ክብደቱ የበዛ፥ ጉልበቱም ያነሰ ስለ ነበረ፥ የኤሌክትሪኩ መኪና ተሸነፈ። የተሸነፈውም በሞተሩ ጉድለት ሳይሆን በስንቁ ማነስ ነው።

ይህ የስንቅ ማነስ የተቃለለው በሊቲየም ባትሪ ነው። የጃፓኑ ሶኒ ኩባንያ በ1991 ይህን ባትሪ ለገበያ አወጣ፤ መሠረቱን የጣሉት ጆን ጉድኢናፍ፥ ስታንሊ ዊቲንግሃምና አኪራ ዮሺኖ በ2019 የኬሚስትሪውን የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ። ከነዚህም ባትሪዎች ሊቲየምን ከብረትና ከፎስፌት ጋር አዋሕዶ የተሠራው ዓይነት በክብደቱ ልክ የሚይዘው ኃይል ኒኬል ካለበት ዓይነት ያነሰ ቢሆንም፥ እሳትን ይበልጥ የሚታገሥና ዕድሜውም የሚረዝም ስለ ሆነ ለሥራ መኪና ተመራጭ ሆኗል።

አሁን ደግሞ በሌላ አገር የተደረገውን እንመልከት። ጠንካራ መኪናዎችን ለመለወጥ አስቀድመው ከተጉት አገሮች አንዷ አውስትራሊያ ናት። በዚያ ከምድር በታች በሚቆፈሩ የማዕድን ዋሻዎች ሠራተኞችን የሚያመላልሱት አብዛኞቹ ሰባዎቹ ላንድክሩዘሮች ናቸው። የዓለም የጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ክፍል በሰኔ 2012፥ በአውሮፓ አቆጣጠር፥ የናፍጣ ጢስ በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡት ነገሮች መካከል መሆኑን በይፋ መዘገበ። በዋሻ ውስጥ ይህን ጢስ ለማስወጣት ሌትና ቀን ታላላቅ ማራገቢያዎች መሥራት አለባቸው፤ ለዚሁም የሚከፈለው ከማዕድን ሥራ ከባድ ወጪዎች አንዱ ነው። ስለዚህ ቢኤችፒ የተባለው ኩባንያ በ2018 በደቡብ አውስትራሊያ ኦሊምፒክ ዳም በሚባለው ማዕድን ስፍራ ወደ ኤሌክትሪክ የተለወጠ ላንድክሩዘር መሞከር ጀመረ። በ2021 መጀመሪያ ደግሞ ራሱ የቶዮታ የአውስትራሊያ ክፍል በሜልበርን የለወጠውን አንድ ላንድክሩዘር በምዕራብ አውስትራሊያ ለ12 ወር እንዲፈተን ለዚሁ ኩባንያ ሰጠ። ልብ ሊባል የሚገባው ነገር መኪናውን የሠራው ኩባንያ ራሱ የለውጡን ሥራ የማይረባ ነገር ነው ብሎ አለመናቁ ነው።

ወደ ጎረቤታችን ወደ ኬንያ ብንመለከት ደግሞ፥ በ2017 በናይሮቢ የተመሠረተውና ኋላ ሮአም ተብሎ የተሰየመው ኦፒበስ የሚባል ድርጅት፥ አራዊት ለማየት የሚመጡ እንግዶችን የሚያመላልሱ አሮጌ ላንድክሩዘሮችን ወደ ኤሌክትሪክ ለውጧል። በማሳይ ማራ የሚሠሩት እንደነዚህ ያሉ መኪናዎች ስንቃቸውን ከፀሐይ ኃይል የሚቀበሉ ሲሆኑ፥ ድምፅና ጢስ ስለሌላቸው ዝሆኑም አንበሳውም ሳይበረግግ በቅርብ እንዲታይ አድርገዋል። የጫካ መኪና ጠዋት ወጥቶ፥ በዝግታ ጥቂት አሥር ኪሎሜትሮች ተዘዋውሮ፥ ማታ ወደ ወጣበት ሠፈር የሚመለስ ስለ ሆነ ይህ ሥራ ለባትሪ የተመቸ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ምሳሌ ግን በስዊስ አገር ቢየል በተባለው ከተማ አጠገብ፥ ፔሪ በሚባል መንደር የሚገኘው ነው። በዚያ ለሲሚንቶ የሚሆነው ድንጋይ የሚቆፈረው ከተራራው ላይ ሲሆን፥ ፋብሪካው ያለው በቆላው ነው። ባለሙያዎች አንድ የኮማትሱ ታላቅ የድንጋይ መኪና ወስደው የናፍጣ ሞተሩን አወጡና፥ 600 ኪሎዋት ሰዓት ኃይል የሚይዝ 4.5 ቶን የሚመዝን ባትሪ አገቡበት። ይህ መኪና ከ2018 ገደማ ጀምሮ እየሠራ፥ ባዶውን 45 ቶን ሆኖ ወደ ተራራው ይወጣል፤ 65 ቶን ድንጋይ ጭኖ 110 ቶን ሆኖ ይወርዳል። ሲወርድም ነጂው ፍሬን ከመርገጥ ይልቅ የኤሌክትሪክ ሞተሩ ራሱ እንደ ዲናሞ ሆኖ መኪናውን ይይዘዋል፤ በፍሬን ሙቀት ሆኖ ይባክን የነበረውም ኃይል ወደ ባትሪው ተመልሶ ይገባል። የሚወርደው ክብደት ከሚወጣው ከሁለት እጥፍ በላይ ስለ ሆነ፥ የወረደው ጭነት ለሚቀጥለው አቀበት የሚያስፈልገውን ስንቅ አብዛኛውን ይከፍላል። ሠሪዎቹ እንዳሰሉትም ሥራው ከተመቸ ከአንድ ምልልስ እስከ 10 ኪሎዋት ሰዓት ድረስ ሊተርፍ ይችላል። የተራራውን ከፍታ ስንቅ አድርጎ የሚሠራ መኪና ማለት ይህ ነው።

ይህን የሰማ የተራራ አገር ሰው ልቡ ወዲያው መነሣቱ አይቀርም። ዳሩ ግን ምሥጢሩን በትክክል መረዳት ያስፈልጋል። ጥቅሙ የሚገኘው ተጭኖ ለሚወርድና ባዶውን ለሚወጣ ነው። ከደጋ ቆፍረን ወደ ቆላ ለምናወርደው ድንጋይ፥ ጠጠርና ኖራ ይህ ምሳሌ በቀጥታ ይሠራል። ከጅቡቲ ወደብ ተጭኖ ወደ ደጋ ለሚወጣው ዕቃ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ስለ ሆነ ኃይል ይከፈልበታል እንጂ አይተረፍበትም። በ2010 ዓ.ም. መደበኛ ሥራውን የጀመረው የአዲስ አበባና የጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር ለዚህኛው ጉዳይ ከባለ ባትሪ ካሚዮን ይልቅ የተሻለ መልስ መሆኑን መዘንጋት አይገባም፤ ባቡሩ ስንቁን ከላዩ ከተዘረጋው ሽቦ ይቀበላልና፥ ባትሪ ተሸክሞ አቀበት መውጣት የለበትም።

የለውጡ ሥራ እንዴት እንደሚከናወን በአጭሩ እንግለጽ። በመጀመሪያ ሞተሩ፥ ራዲያተሩ፥ ማርሚታው፥ የናፍጣው ማጠራቀሚያና ዲናሞው ይወጣሉ። የኤሌክትሪኩ ሞተር በልክ በተቆረጠ የብረት ሰሌዳ ተያይዞ ከካምቢዮው ጋር ይገጠማል፤ አንዳንዶችም ካምቢዮውን አስቀርተው ኃይሉን ለአራቱ እግር ከሚያከፋፍለው መዘውር ጋር በቀጥታ ያገናኙታል። የኤሌክትሪክ ሞተር ከቆመበት ሲነሣ ሙሉ ጉልበቱን ስለሚሰጥ፥ በዳገት መካከል ፍሪሲዮን እያቃጠሉ መነሣት ይቀራል። ባትሪዎቹ በጽኑ የብረት ሣጥን ታሽገው፥ ክብደታቸው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ተመዛዝኖ፥ ከፊሉ በአሮጌው ሞተር ስፍራ፥ ከፊሉ በናፍጣው ማጠራቀሚያ ስፍራ ይቀመጣሉ። ከባትሪው የሚወጣውን ቀጥተኛ የኤሌክትሪክ ፍሰት ሞተሩ ወደሚፈልገው ተለዋዋጭ ፍሰት የሚቀይር መሣሪያ፥ ባትሪው እንዳይግልና እንዳይራቆት የሚጠብቅ መቈጣጠሪያ፥ ለመብራትና ለጥሩንባ 12 ቮልት የሚሰጥ መቀነሻም ይጨመራሉ። ጀማሪ ሠራተኞች ብዙ ጊዜ የሚዘነጉት አንድ ነገር አለ፤ የፍሬኑን መርገጫ የሚያቀልለው የአየር መሳቢያ በናፍጣው ሞተር ይንቀሳቀስ ነበር። ሞተሩ ሲወጣ በፈንታው የኤሌክትሪክ መሳቢያ ካልተተካ፥ መኪናው በመጀመሪያው ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ እንደ ድንጋይ ይደርቅበታል።

ጥቅሙንና ጉድለቱን በቁጥር መዝነን እንይ። አንድ ሊትር ናፍጣ 10 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ኃይል ይዟል። 130 ሊትር የሚይዝ የላንድክሩዘር ማጠራቀሚያ እንግዲህ 1,300 ኪሎዋት ሰዓት ስንቅ አለው ማለት ነው። ነገር ግን የናፍጣ ሞተር ከዚህ ውስጥ ወደ ጎማው የሚያደርሰው ከሢሶ የሚያንሰውን ነው፤ የቀረው በራዲያተርና በማርሚታ ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። የኤሌክትሪክ ሞተር በበኩሉ ከባትሪው ከተቀበለው ብዙውን፥ ከመቶ 85 ያህሉን፥ ለጎማ ያደርሳል። ቢሆንም 60 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ የገባበት መኪና በመጥፎ መንገድ የሚሄደው 150 ኪሎሜትር ያህል ነው። ሙሉ የናፍጣ ስንቅ በጎማ ላይ ሲታሰብ ከዚህ ባትሪ ሰባት እጥፍ ያህል ይሆናል። እንግዲህ ኤሌክትሪኩ ቆጣቢ ነው፤ ናፍጣው ግን ስንቀ ብዙ ነው። ይህን ልዩነት የሚሸሽግ ነጋዴ ቢኖር እውነቱን አልተናገረም።

ክብደቱን በሚመለከት የሚፈራውን ያህል ክፉ አይደለም። እንዲህ ያለው ባትሪ ከ400 ኪሎግራም በላይ ይመዝናል፤ ነገር ግን የወጣው የናፍጣ ሞተር፥ ራዲያተሩና ሙሉው የናፍጣ ማጠራቀሚያ ተደምረው ከዚህ ብዙ አይርቁም። ከዚህ የሚበልጥ ባትሪ ለማግባት የሚጓጓ ግን የጨመረውን ክብደት ከሰውና ከጭነት እየቀነሰ መሆኑን ይወቅ።

ለደጋ አገር ልዩ የሆነ ሌላ ጥቅም ደግሞ አለ። የናፍጣ ሞተር እንደ ሰው ይተነፍሳል፤ አየር ሲሣሣበት ይደክማል። በአዲስ አበባ ከፍታ ላይ ያለው አየር በባሕር ጠረፍ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል የሣሣ ስለ ሆነ፥ አየር መጫኛ የሌለው አሮጌ ሞተር ጉልበቱን በዚሁ መጠን ያጣል። ጥቁር ጢስ እየተፋ የእንጦጦን ዳገት የሚያቃስት መኪና ሁላችንም አይተናል። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን አይተነፍስምና፥ በራስ ዳሸን ግርጌም ቢሆን በአዋሽ በረሃ ጉልበቱ ያው ነው።

የዓባይን ሸለቆ ምሳሌ እናድርግ። ከጎሐ ጽዮን እስከ ድልድዩ ድረስ መንገዱ 20 ኪሎሜትር ያህል ሲሆን፥ የሚወርደው ከፍታ ወደ 1,400 ሜትር ይጠጋል። ሦስት ቶን የሚመዝን መኪና ይህን ከፍታ ሲወርድ 11 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ኃይል ይለቃል። በናፍጣው መኪና ይህ ሁሉ በፍሬንና በሞተር ሙቀት ይጠፋል፤ ፍሬኑ ግሎ መኪናው ያመለጠበት ሾፌር ምን እንደ ደረሰበት በዚያ መንገድ የተጓዘ ሁሉ ሰምቷል። የተለወጠው መኪና ግን በእኛ ግምት ከዚሁ 5 ኪሎዋት ሰዓት ያህሉን ወደ ባትሪው ይመልሳል፤ ፍሬኑም ቀዝቃዛ ሆኖ ድልድዩ ላይ ይደርሳል። ወደ ደጀን ሲወጣ ደግሞ 18 ኪሎዋት ሰዓት ያህል፥ ማለት ከባትሪው ሢሶ የሚጠጋውን፥ ይከፍላል። እዚህ ላይ ነጂው ማወቅ ያለበት ነገር አለ፤ በገደሉ አፋፍ ላይ ባትሪውን ጢም አድርጎ ሞልቶ የሚወርድ ሰው የሚመለሰውን ኃይል የሚያኖርበት ስፍራ ስለማይኖረው፥ ሞተሩ እንደ ፍሬን ሆኖ አይይዝለትም። ማሰሮው ከሞላ የሚጨመርበት ይፈስሳልና፥ ከቁልቁለት በፊት ጥቂት ጎደሎ ማስቀረት ያስፈልጋል።

ስለ አደጋውም ሳንሸሽግ እንናገር። በአሮጌው መኪና የነበረው ባትሪ 12 ወይም 24 ቮልት ስለ ነበረ፥ መካኒኩ በባዶ እጁ ቢነካው ምንም አይሆንም ነበር። የተለወጠው መኪና ባትሪ ግን ብዙ ጊዜ ከ300 እስከ 400 ቮልት ቀጥተኛ ፍሰት አለው፤ ይህም ሰውን በአንድ ቅጽበት ሊገድል የሚችል ነው። መኪናው ከጠፋ በኋላ እንኳ በመቀየሪያው መሣሪያ ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ ኃይል ተጠራቅሞ ይቆያል። ስለዚህ ነው ከፍተኛ ኃይል የሚሄድባቸው ሽቦዎች በብርቱካን ቀለም የሚሸፈኑት፤ ስለዚህም ነው ማቋረጫው ተነቅሎ፥ ተጠብቆ፥ በመለኪያ ተረጋግጦ ካልሆነ ማንም እጁን እንዳያገባ የሚታዘዘው። የሊቲየም ባትሪ እሳት ከተነሣ ደግሞ ለማጥፋት አስቸጋሪ ነው፤ ጠፋ ከተባለም በኋላ እንደ ገና ሊነድ ይችላል። ወንዝ የሚሻገር መኪና ሣጥኑ ውሃ የማያስገባ፥ በጭንጫ የሚሄድም ከሥሩ ድንጋይ የሚመልስ ወፍራም ብረት ያለበት መሆን አለበት። የተባበሩት መንግሥታት የአውሮፓ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ያወጣው ቁጥር 100 ደንብ የኤሌክትሪክ መኪና ከነዚህ አደጋዎች እንዴት እንደሚጠበቅ ስለሚወስን፥ ለኛም መነሻ ሊሆነን ይችላል።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። በችኮላ፥ ያለ መለኪያና ያለ ትምህርት፥ ከተሰበረ አውቶሞቢል በተለቀመ ባትሪ የሚደረግ ለውጥ ለባለቤቱ ኪሳራ፥ ለመካኒኩ ሞት፥ ለተሳፋሪው መከራ ሊሆን ይችላል። አንድ እንዲህ ያለ አደጋ ቢደርስም መልካሙ ሥራ ሁሉ ከክፉው ጋር ተደባልቆ ይነቀፋል። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልገው ሥርዓት ነው።

ከሊቃውንት ወገን የሆነ አንባቢ በወንጌል ስለ አሮጌ አቁማዳና ስለ አዲስ ወይን ጠጅ የተነገረውን አንሥቶ ይጠይቀን ይሆናል፤ አዲሱን ኃይል በአሮጌው አካል ማኖር ሁለቱንም ማጥፋት አይሆንምን? ይል ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱም አቁማዳውን አስቀድሞ መመርመር ነው። ሻንሲው ዝገት የበላው፥ የተሰነጠቀ ወይም በአደጋ የጎበጠ መኪና ለዚህ ለውጥ አይሆንም፤ ለእንዲህ ያለው መለዋወጫውን አውጥቶ ብረቱን ወደ ማቅለጫ መስደድ ይሻላል። አጽሙ ጽኑ፥ አክስሉ ቀጥ ያለ፥ መሪው ያልላላ የሆነው ብቻ ይመረጣል። ለውጡ የሚጠይቀው ገንዘብም በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ስለሚሆን፥ ከብዙው ወጪ በፊት ጥቂት የምርመራ ወጪ ማድረግ ብልህነት ነው።

እንግዲህ በኛ አገር የትኛው መኪና ይለወጥ? የሚለውን ስንመረምር መሥፈርቱ የሚገኘው ከሥራው ጠባይ ነው። ጠዋት ወጥቶ ማታ ወደ አንድ ግቢ የሚመለስ፥ በቀን ከ100 ኪሎሜትር የማይበልጥ መንገድ የሚሄድ፥ ግቢውም አስተማማኝ መብራት ያለው መኪና ለለውጥ የተመቸ ነው። የብሔራዊ ፓርክ ጠባቂዎች መኪና፥ የግድብና የመስኖ ሥራ መኪና፥ የከተማ ውሃና መብራት ጠጋኞች መኪና፥ የድንጋይ ማውጫና የሲሚንቶ ፋብሪካ መኪናዎች በዚህ ተራ ይገባሉ። ወደ ቦረና፥ ወደ አፋር ወይም ወደ ኦጋዴን ለሳምንታት የሚወጣ የቅየሳና የእርዳታ መኪና ግን ዛሬ በናፍጣ መቅረቱ ይሻላል፤ በበረሃ መካከል ስንቁ ያለቀበት መኪና ማደያ እስኪያገኝ ጄሪካን ይዞ ሊሄድለት የሚችል ሰው የለምና።

የወረዳ አምቡላንስ ነገር ብቻውን የሚታይ ነው። በአንድ በኩል የናፍጣ በጀት በማለቁ ወይም ማደያው በመድረቁ አምቡላንስ ቆሞ፥ ምጥ የያዛት እናት በቃሬዛ የምትወሰድበት ጊዜ መኖሩን የወረዳ ሹማምንት ያውቁታል፤ መብራት ባለበት ከተማ ማታ ማታ የሚሞላ መኪና ከዚህ ችግር ሊያድን ይችላል። በሌላው በኩል ግን መብራት በሚጠፋበት ወረዳ፥ ወይም ሆስፒታሉ ሩቅ በሆነበት ስፍራ፥ ባልተፈተነ ባትሪ ላይ የእናቲቱንና የሕፃኑን ነፍስ ማስያዝ የሚፈቀድ አይደለም። እንግዲህ አምቡላንሱ የመጨረሻው ይሁን እንጂ የመጀመሪያው አይሁን፤ ሙከራው በድንጋይና በሲሚንቶ ላይ ተፈትኖ ከጸና በኋላ ወደ ሰው ይምጣ።

ይህ ሁሉ ፍሬ እንዲኖረው ከባለ ሥልጣናት የሚጠበቁ ጥቂት ነገሮች አሉ። አንደኛው፥ የተለወጠ መኪና በምን መለኪያ ተመርምሮ ሰሌዳ እንደሚሰጠው በግልጽ መወሰን ነው። የናፍጣ ሞተር ቁጥር የተጻፈበት ሊብሬ ያለው ሰው ሞተሩን አውጥቶ ሲመጣ፥ መርማሪው የሚያደርገው ጠፍቶት እንዳይመልሰው፥ ወይም ሳይመረምር እንዳያሳልፈው ሥርዓቱ አስቀድሞ መጻፍ አለበት። ሁለተኛው፥ በሙያ ትምህርት ቤቶች የከፍተኛ ቮልት ትምህርት እንዲሰጥና ይህን ሳይማር ማንም እንዲህ ያለውን መኪና እንዳይፈታ ማድረግ ነው። ዛሬ በየጋራዡ በጆሮው ብቻ የሞተርን ሕመም የሚያውቅ ባለሙያ አለ፤ ይህ ሰው ነገ ሥራ ፈት ሆኖ እንዳይቀር መንገዱ ትምህርት ነው። ባሌስትራው፥ መሪው፥ ፍሬኑና አክስሉ እንደ ቀድሞው የእርሱን እጅ ይፈልጋሉ፤ የሚጨመርበት አዲሱ ዕውቀት ብቻ ነው።

ሦስተኛው፥ የባትሪው መጨረሻ ከመጀመሪያው ይታሰብ። የመኪና ባትሪ ከመቶ 70 ወይም 80 ያህል ጉልበት ሲቀረው ለዳገት ቢደክምም፥ ቆሞ ለሚሠራ አገልግሎት ገና ብርቱ ነው። መብራት ባልደረሰበት ቀበሌ በጤና ኬላ ጣሪያ ላይ ከተተከለ የፀሐይ ኃይል ጋር ቢገናኝ፥ የክትባቱን ማቀዝቀዣ ሌሊቱን ሙሉ ሊጠብቅ ይችላል። ከዚያ በኋላ ግን በየሜዳው እንዳይጣል ሰብሳቢና መልሶ የሚያቀልጥ መኖር አለበት። አራተኛው፥ ቍጥርን በታማኝነት መመዝገብ ነው። ጥቂት መኪናዎች ተለውጠው፥ ያልተለወጡ መሰሎቻቸው በአጠገባቸው በዚያው መንገድ እየሠሩ፥ ያወጡት ገንዘብ፥ የሄዱት ኪሎሜትር፥ የቆሙበት ቀን ሁሉ በአንድ ዓመት ውስጥ ቢጻፍ፥ ከብዙ ክርክር ይልቅ ያ መዝገብ ይናገራል።

በየመሥሪያ ቤቱ ግቢ ጥግ፥ ጎማቸው ተንፍሶ፥ ሣር በሥራቸው በቅሎ፥ የጨረታ ቀን የሚጠብቁ መኪናዎች ይታያሉ። አንዳንዶቹ በእውነት ያለቀላቸው ናቸው። ሌሎቹ ግን ልባቸው ደክሞ አጥንታቸው የጸና ነው፤ በወጣትነታቸው የተሻገሩት ወንዝና የወጡት አቀበት ምስክራቸው ነው። ከነዚህ መካከል የሚገባቸውን መርጦ፥ በሥርዓት መርምሮ፥ በተማረ እጅ ለውጦ፥ ከገዛ ወንዛችን በሚገኘው ኃይል እንደ ገና ወደ ሥራ ማስወጣት ገንዘብን ከማዳን ሌላ የሥራ ሰዎቻችንንም ዕውቀት ያሳድጋል። ሁሉም ይለወጡ አንልም፤ ሁሉም ይጣሉ ማለትም አይገባም። መርምሮ መለየት ከሹማምንቱና ከባለሙያዎቹ የሚጠበቅ ሥራ ነው፤ ጊዜውም እነሆ ደርሷል።